ከበሩ ውጭ ያለ ሚስማር

ሌሊት ስምንት ሰዓት፤ ነሐሴ ነው ወሩ፤
ጣና እየሞላ ተጠግቷል ካጥሩ።
በባሕር ዳር ወደብ፣ በውሃ ልክ ቢሯችን፣
እስትንፋሱን ውጦ ቀጥ አለ ሰርቨራችን።
አልሞተም፤ መብራቱ አረንጓዴ ይበራል፤
ማንን እንደሁ እንጃ፣ ሲጠብቅ ይኖራል።

የሐይቁ ከፍታ፣ የዝናቡም ልክ፣
በየአሥር ደቂቃው ጎርጎራ እንዲላክ
ተሰልፎ ቆሟል፣ በየገጹ ታጭቆ፤
አንዲት ቁጥር አልሄደች፣ ሁሉም ተጨናንቆ።
የፋይላችን ቤቱ ከውሃው ማዶ ነው፤
እዚህ የጻፍነው ሁሉ እዚያ ነው የሚያድረው።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሜሞሪው ሲጣበብ
ከርነሉ ይነሳል፣ ሊጠርግ፣ ሊሰበስብ።
ያልተላከ ገጽ ሲያይ «ሂድ ጎርጎራ!» ይለዋል፣
«ስትሄድ፣ ቦታህ ለሌላው ይሆነዋል።»
ገጹ ለመንገዱ ፖስታ ያስፈልገዋል፤
ፖስታው ለመታጠፍ ሜሞሪ ያሻዋል።
«ሜሞሪ ስጠኝ» ሲል፣ «የለኝም» ይላል ያው፣
«ቆይ ልጥረግልህ» ብሎ፣ ገጹን ሊጠብቀው።
ገጹ ፖስታውን፣ ፖስታው ሜሞሪውን፣
ሜሞሪው መልሶ ያንኑ ገጹን፤
እንደ ጨዋ እንግዳ ከበር ተገናኝቶ፣
«አንተ ቅደም» ሲባባል ማንም ሳይገባ ቀርቶ።

ጥበቃው ጥላዬ ዳቦ ይዞ ገባ።
ግማሹን ሰጠኝ።
«ምን ሆነ፣ የሻረግ?» አለ። ነገርኩት።
አልሳቀም። ካፖርቱን ሳይፈታ ተቀመጠ።

«የአባቴ መጋዘን» አለ፣ «እዚሁ ወደቡ ዳር፣
ከዘጌ የመጣ ጌሾ ይከመርበት ነበር።
አንድ ዓመት ሞላ፤ እስከ ጣራው፣ እስከ በር።
ለማውጣት ባዶ ጆንያ ያስፈልጋል፤
ባዶ ጆንያውስ የት አለ? ከጌሾው ሥር!
ሦስት ቀን ቆምን። ሦስት ቀን ዘነበ።
ጌሾው ከውስጥ ግሎ መሽተት ጀመረ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አባቴ ሚስማር መታ፣
ከበሩ ውጭ። አምስት ባዶ ጆንያ ሰቀለበት።
እናቴ ለጤፍ ብትለው፣ እኛ ለመኝታ፣
ጎረቤት 'ለነገ እመልሳለሁ' ቢለው፣
እጅ ይመታ ነበር።
ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጋዘኑን ለሚያስለቅቅ።
ሠራተኛውንም እንዲህ ይለዋል፦
'ጆንያ ስታጣ፣ ፍለጋ ወደ ውስጥ እንዳትመለስ፤
ውስጡ የሚጠብቀው አንተን ነው።'»

ዳቦውን ሳልጨርስ ወደ ኮዱ ዞርኩ፤
ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቦታውን አገኘሁ።
በሚያዝያ ወር የጨመርኳት መስመር፣
ከመላኪያው መንገድ፣ ከሚጣደፉት በር፣
«ትንሽ ስፍራ» ብላ እጇን ዘርግታለች፤
ስፍራ ከጠፋ ግን ጠራጊ ትጠራለች፤
ጠራጊው ይመጣል፣ ይጠብቃል እሷኑ።
አራት ወር ተደብቃ፣ ዛሬ ወጣ ጉዷ በቀኑ።

አሰርኳት፦ ብታጣ እንኳ ወደ ፋይሉ እንዳትዞር።
ሚስማርም መታሁላት፦ ገና ማሽኑ ሲነሳ
የተቆጠረ ባዶ ስፍራ፣ ለመላኪያ ብቻ።

ግን መልሱስ?
ጎርጎራ «ደረሰኝ» ብሎ ሲመልስ
መልሱ የሚያርፍበት ስንዝር ከሌለ
የሄደው እንዳልሄደ ነው።
ለመልሱም አንድ ጆንያ ሰቀልኩ።
በጭንቅ ሰዓት ሌላው ደብዳቤ ውሃ ይብላው፤
ላኪው ሲጠብቅ ሲጠብቅ ደግሞ ይልከዋል።

ከዚያ ሆን ብዬ ማሽኑን አነቅሁት፤
እስከ ጣራው፣ እስከ በር ሞላሁት።
ቃተተ። ዘገየ። ጥላዬ ስክሪኑን እንደ ታማሚ አየው።
አንዲት ቁጥር ሄደች።
ቆይታ ሌላ።
ከዚያ የሌሊቱ ዝናብ በሙሉ፣ በሚሊሜትር፣
ሐይቁን ተሻገረ።

ሲነጋ ልወጣ ስል አላባራም።
ከጥበቃው ቤት ደጃፍ፣ ሚስማር ላይ፣
ጥቁር ጃንጥላ ተሰቅሏል፤
ዓመት ሙሉ ሲዘረጋ አላየሁትም።
«አውሰኝ» አልኩት።
«ለክፉ ቀን ነው።»
«ዛሬስ?»
ቀና ብሎ ሰማዩን አየ።
«ዛሬማ ዝናብ ነው።»

ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልዬ
ከዘንባባ ዘንባባ እየሮጥኩ
ባጃጅ ፍለጋ ሄድኩ።